ለቆራሌው የሰጠሁት ካርቶን

ዛሬ ከፖለቲካው ጥቂት ገለል ልበል፤ ገለል ማለት ከተቻለ።

የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በደርግ ዘመን ሂልተን ሆቴል ሲጫወት፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት ታዳሚው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥል ነበር። ባንዱ በ1981 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ ኃይሉ በዚያው ቀረ። በ1985 ዘመን አለፈበት የተባለውን የልጅነቱን አኮርዲዮን አንሥቶ፣ ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር አዋህዶ ካሴት አወጣ። ኋላም ኑሮውን በዋሽንግተን በታክሲ ነጂነት ገፋ፤ ኪቦርዱን ግን ከታክሲው የዕቃ መጫኛ አይለየውም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድበት ነበር።

ያን ካሴት ከዓመታት በኋላ ያገኘው ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ነው። የት ቢሉ፣ እዚሁ ባሕር ዳር! በ2013 ዳግም አሳተመው፤ የአውሮፓና የአሜሪካ መድረኮች ተከፈቱለት፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘው አዲስ አልበም ተከተለ። አኮርዲዮኑም አብሮት ተመለሰ።

ይህን ባነበብሁ ቀን ያፈርሁት በራሴ ነው። «መንግሥት ቅርሳችንን አልጠበቀም» እያልሁ ስንት ጽፌያለሁ! አባቴ ባረፈ ጊዜ ቡሬ ያለውን ቤት ያጸዳሁት እኔ ነኝ። የማሲንቆና የአኮርዲዮን ካሴቶች የሞሉበትን ካርቶን፣ ክራቸው ተበጣጥሷል ብዬ፣ አንዱንም ሳላደምጥ ለቆራሌው ሰጠሁት።

«አንዱን እንኳ ብታስቀርልኝ ምን ነበረ፣ ልጄ» አለችኝ እናቴ።

ቴፑ እስከ ዛሬ ከመደርደሪያው ላይ አለ። አቧራውን ትጠርግለታለች።