ሐይቅ ዳር የተሻረ ፍርድ

በነባሩ መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ ሳያልፍ አይቀርም። በዚያች ከተማ አጠገብ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የወይን ተክል አስተክሎ፣ በ2006 ዓ.ም. ወይን ጠጁን ለገበያ አቀረበ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት ዙሪያው ጉድባ ተቆፍሮለታል። ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሲራ የተባሉት የፈረንሳይ አገር ወይኖች የስምጥ ሸለቆን አፈር የለመዱት እዚሁ ነው።

እኛም ከዚህ ምድር የተገኘ አንድ ጠርሙስ ቅይጥ ቀይ ወይን ጠጅ ይዘን፣ እኩለ ቀን ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ደረስን። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትራፊ እየጠበቁ ቆመዋል። የተጠበሰ ቆሮሶ በሚጥሚጣ እየበላሁ፣ በመንገድ ሲሞቅ የዋለውን ወይን ጠጅ ቀዳሁና ተጎነጨሁ።

«ይህማ የሚያቃጥል ብረት ነው!» አልኩ።

አብረውን የነበሩት፣ በአሳላፊነት የሸመገሉ አንድ ጋሼ ሳቁብኝ። «ምን ያድርግ! ዳኛው ጉቦ በልቷል። ሚጥሚጣው ምላስህን አቃጥሎታል፤ ቀይ ወይን ጠጅ ደግሞ ከዓሣ ጋር ሲገናኝ ብረት ብረት ይላል። ሲሞቅም አልኮሉ ይቀድማል።»

ወዲያው ጠርሙሱን በቡሹ ከድነው፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አኖሩት። «ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል» አሉ።

ወደ ማታ አፌን በውሃ አስጉመጠመጡኝና ደረቅ ዳቦ አስቀመሱኝ። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ፊት አዘንብዬ መልኩን አየሁ፤ አዙሬ አሸተትሁ፤ ከዚያም ጥቂት ተጎንጭቼ በአፌ ውስጥ አቆየሁት። መጀመሪያ የሜርሎ ልስላሴ መጣ፤ ቀጥሎ ካበርኔው ስኳር እንደሌለው ወፍራም ሻይ ድድ ያዝ አደረገ፤ በመጨረሻም የሲራ ቁንዶ በርበሬ መሰል ሽታ ተከተለ። እንደ አክሱሚት ጣፋጭ አይደለም፤ ጣፋጭ አለመሆኑ ግን ጉድለት አልነበረም።

«ቅይጥ ማለት እንዲህ ነው» አሉ ጋሼ። «የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። በቀድሞው ግብር አሳላፊ ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ለመታመን ነበር፤ አንተ ግን የምትቀምሰው ለመፍረድ ነውና አትቸኩል።»

ጀምበር ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ የቀኑን ፍርዴን ሻርኩ። ይግባኙን ሰምቶ ያሸነፈው ያው የቀኑ ጠርሙስ ነበር፤ የተለወጠው ዳኛው ነው።