በዘጌ የምትገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሠራር ዋናው ነገር መቅደሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእርሱ እንደ ልብስ የተደረበ ነው። ይህን ለመረዳት የሚወድ ሰው ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ወደ ዘጌ ቢሻገር መልካም ነው። ከጣና ገዳማት ሴቶች የማይገቡባቸው አሉ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉ የተፈቀደች ስለ ሆነች ቤተ ሰብን ይዞ መሄድ ይቻላል።

ከወደቡ ተነሥተን በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወጣን። የአገሩ ሰዎች ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀሉ ናቸው ብለው ይተርካሉ።

ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት። በስተ ውጭ ያለው ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት ሲሆን፣ ሊቃውንቱ በከበሮና በጸናጽል ያመሰግኑበታል። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ምእመናን ሥጋውንና ደሙን የሚቀበሉት በዚያ ነው። በመካከሉ መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ቆሟል። ታቦቱ በመንበሩ ላይ የሚኖረው በዚህ ነውና፣ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚገባ የለም። ከግድግዳው በላይ ክብ ሆኖ የወጣው ክፍልም የጣሪያውን ሸክም ይቀበላል።

ሕዝቡ ወደ ውስጥ ስለማይገባ፣ አባቶች የመቅደሱን ግድግዳ በውጭ በኩል መጽሐፍ አደረጉለት። የጌታችን ሕማም፣ የእመቤታችን ተአምር፣ በፈረስ የተቀመጡ ሰማዕታት ተሥለውበታል። በታላላቆቹ በሮች ላይም መላእክት ቆመው ይጠብቃሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልጇን በእጇ ይዛ ዙሪያውን እየዞረች ታሪኩን ታስተምርበታለች።

ነገር ግን ሥዕሉ ያለው በጭቃ በተለሰነ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ጠላቱ ውሃ ነው። ክዳኑ በአንድ ስፍራ ቢያፈስ፣ ጠብታው ጨርቁን ከጭቃው ያላቅቀዋል፤ ብዙ ዘመን የቆየው ሥዕል በጥቂት ክረምት ይረግፋል።

በጣሪያው ጫፍ፣ በጉልላቱ ላይ፣ የሰጎን እንቁላሎች ተሰክተዋል። ሊቃውንት ሲተረጉሙት፣ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማታነሣ ሰውም ልቡን ከአምላኩ አያንሣ ይላሉ። እኛ ግን ምልክቱ በጣሪያው ላይ መሆኑን ስናይ፣ ለቤቱ ጠባቂዎችም ምክር ያለበት መስሎ ታየን።

ስጦታ የሚያስቡ ባለጸጎችና ሹማምንት ብዙ ጊዜ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ጃንጥላ ይሰጣሉ፤ ይህም የተመሰገነ ነው። ይሁን እንጂ ክረምት ሳይገባ ክዳኑን አስመርምሮ ቀዳዳውን ያስደፈነ ሰው፣ ስሙ በመጋረጃ ላይ ባይጻፍም፣ ለልጅ ልጆቻችን መጽሐፋቸውን አቆየላቸው።