የማን 3 ሰዓት?

አክስቴ ከዳባት ወዲያ ካለው ገጠር ጎንደር ከተማ ለመድረስ መጀመሪያ እስከ አስፋልቱ ረጅም መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። ከዚያ ሚኒባስ ይዛ በአምባጊዮርጊስ በኩል 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ሐሙስ ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ይህን ሁሉ መጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ክሊኒኩ በር ስትደርስ የዓይን ሐኪሙ ከሄደ ቆይቷል። ሐኪሙ ከሌላ ከተማ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። ጠዋት ገብቶ 6 ሰዓት ላይ ይወጣል። የአክስቴ ቀጠሮ ጠዋት 3 ሰዓት ነበር።

ማታ እኛ ቤት ተቀምጣ ስልኳን አቀበለችኝ። መልእክቱ ቀጠሮዋ ሐሙስ ጥር 18፣ ከቀኑ 9:00 ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። «ድሮ በጠዋት ነበር የምመጣው፤ ሐኪሙ ሰዓት ቀይሮ ይሆናል ብዬ ነው» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ግን ልጄ፣ ማነው 9 ያለኝ?»

ዝም አልኩ። ምክንያቱም የዚያን ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቁጭ ብዬ ዱካውን ተከተልኩት። ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ እኔ ባዘጋጀሁት ፎርም ላይ ቀኑን «18/05/2015»፣ ሰዓቱን «3:00» ብላ ሞልታለች። እንደማንኛችንም። የእኔ ፕሮግራም የተጻፈለትን እንዳለ አስቀመጠ። ለታካሚዎች ማስታወሻ የሚልከውን ሲስተም የሠራው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፣ አዲስ አበባ ያለ ዴቨሎፐር። የእሱ ሲስተም ማታ ማታ የእኔን ዌብ ሰርቪስ ጠርቶ የነገውን ቀጠሮ ይወስድና መልእክት ይልካል። እኔ ለእሱ የሰጠሁት መግለጫ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦ በዚህ አድራሻ ጠይቅ፤ «ቀን» እና «ሰዓት» የሚባሉ ሁለት ነገሮች ይመጡልሃል፤ ሁለቱም ጽሑፍ ናቸው። በቃ።

ልጁ ቀኑን አልሳተም። 18/05/2015ን በፈረንጅ አቆጣጠር ቢያነበው ቀጠሮው ካለፈ ሰባት ዓመት ከምናምን ይሆነዋል፤ ስለዚህ የኛ አቆጣጠር መሆኑ ወዲያው ገባው። ሰዓት ግን እንደ ዓመት ራሱን አያጋልጥም። ከኮምፒውተር የመጣ 3:00 በፈረንጅ ሰዓት ይሆናል ብሎ አሰበ። በፈረንጅ 3:00 ደግሞ ሌሊት ነው፤ ክሊኒክ ሌሊት ዓይን አያይም። «እንግዲያው ከሰዓት በኋላ ማለታቸው ነው» ብሎ 15:00 አደረገው። መልእክቱ በአማርኛ ስለሆነ ደግሞ ወደ እኛ ሰዓት መለሰው፤ ከቀኑ 9:00።

ደውዬ ስነግረው ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ልክ ናት። እኔ የተጻፈውን አልነካሁም። እሱም የሚያሳምን ምክንያት አለው። ሁላችንም ልክ ነበርን፤ የተሳሳተችው አክስቴ ብቻ ሆነች።

ነገሩን ቀላል የማያደርገው ሕመሙ ነው። አክስቴ ግላኮማ አለባት። የዓይኗ ግፊት በያዘችው ጠብታ አልወርድ ስላለ ሐኪሙ ለክቶ መድኃኒቱን ሊቀይርላት ነበር። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው። የወሰደውን ብርሃን ደግሞ አይመልስም። ሁለት ሳምንት ባልሠራላት ጠብታ ቆየች።

በሁለተኛው ጉዞ ባለቤቷም አብረዋት መጡ። መሪጌታ ናቸው፤ እኛ የኔታ ነው የምንላቸው። ቡና እየተጠጣ የሆነውን ሁሉ አስረዳኋቸው። አንድምታ ያውቃሉ፤ የግዕዙን ቃል እያነሱ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያሉ በአማርኛ የሚተረጉሙበት የሊቃውንት ትምህርት ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ቤቶች ስማቸው ከዚችው ከጎንደር ጋር ነው የሚነሳው። የኔታ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «እኛ አንድ ቃል ሲገጥመን የሚወጣለትን ሁሉ እንዘረዝራለን። ያንተ ማሽን ስንቱን ይይዛል?» አሉኝ።

«አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው፣ የኔታ።»

«ታዲያ የቱን እንደሆነ ንገሩት እንጂ። ዝም ካላችሁት እሱ ይመርጥላችኋላ።»

ያኔ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሥራዬ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ላፕቶፔ ውስጥ የቀሩትን የዩኒቨርሲቲ ፒዲኤፎች እያወጣሁ ማንበብ ጀመርኩ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሰብስቤያቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሾቹን ከፍቼ እንኳ አላየኋቸውም ነበር።

አንዱ ቲም በርነርስ-ሊ፣ ጄምስ ሄንድለርና ኦራ ላሲላ በግንቦት 2001 እ.ኤ.አ. በ«ሳይንቲፊክ አሜሪካን» ያወጡት ስለ ሲማንቲክ ዌብ የሚያትት ታዋቂ ጽሑፍ ነው። በምን እንደሚጀምር ታውቃላችሁ? በሐኪም ቀጠሮ! ፔት እና ሉሲ የሚባሉ ወንድምና እህት እናታቸው ታማለች። የሉሲ ሶፍትዌር ኤጀንት ከሐኪሙ ኤጀንት የታዘዘውን ሕክምና ይቀበላል፤ ቅርብ ያሉትን የሕክምና ቦታዎች ይፈልጋል፤ የእነሱን ክፍት ሰዓት ከልጆቹ ጊዜ ጋር ያዛምዳል። ከኔ አንድ ዓመት እንኳ የማይበልጥ ወይም የማያንስ ሐሳብ ነው፤ ምኞቱ የታመመች እናትን በሰዓቷ ሐኪም ፊት ማድረስ ነበር። መብራት በሌለበት ማታ የላፕቶፔ ባትሪ እያለቀ ያንን ሳነብ አክስቴ ፊቴ መጣች።

የእነዚያ ሰዎች መልስ ኦንቶሎጂ ነው። ኦንቶሎጂ ማለት ባጭሩ፣ በአንድ ሥራ ውስጥ ያሉት ነገሮች ምን ምን እንደሆኑና እንዴት እንደሚዛመዱ ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ የተጻፈ ስምምነት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ኦውል-ኤስ የሚባል ቋንቋ ለዌብ ስታንዳርድ አውጪው ድርጅት ቀረበ። አንድ ዌብ ሰርቪስ ስለራሱ ሦስት ነገር እንዲናገር ይጠይቃል፦ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚጠራ። ከመጠራቱ በፊት ምን መሟላት እንዳለበት፣ ከተጠራ በኋላስ በውጭው ዓለም ምን እንደሚለወጥ ጭምር። የእኔ መግለጫ ሦስተኛውን ብቻ ነበር የተናገረው። የበሩን አድራሻ ሰጥቶ ውስጥ ማን እንዳለ አልነገረም።

ኦውል-ኤስ በሰፊው አልተለመደም። አንዲት ትንሽ ሰርቪስ ለመግለጽ የሎጂክ ቋንቋ መማርና ገጾች መጻፍ ይጠይቃል፤ የሚጽፈው ሰው ይደክማል፣ የሚጠቀመው ሌላ ሰው ነው። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለፈተና አንብበን ረሳነው። ዓለም በጄሰን ተስማማ፤ «ሰዓት፦ 3:00»።

አሁን ግን ጥያቄው ዞሮ መጥቷል። በትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች የሚሠሩ ኤጀንቶች ሰርቪስ ፈልገው ራሳቸው ይጠራሉ፤ መግለጫውንም በተራ ቋንቋ ማንበብ ይችላሉ። «እንግዲህ ኦንቶሎጂ ምን ያደርጋል? ራሱ ይገባዋል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጅም ገብቶት ነበር እኮ። አማርኛ ይናገራል፤ ጠዋት በ3 ሰዓት ቢሮ የሚገባ ሰው ነው። እሱ እንኳ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የፈረንጅ ሰዓት ማንበብ ከጀመረ፣ ያነበበው ጽሑፍ አብዛኛው እንግሊዝኛ የሆነ ማሽን ምን ሊያደርግ ነው? እንደሱው በጥሩ ምክንያት ይሳሳታል። ስህተቱ ደግሞ ቀይ መብራት አያበራም፤ ንጹሕ አማርኛ ሆኖ አክስቴ ስልክ ላይ ይገባል።

መሣሪያው የለም እንዳልል፣ አለ። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በዩኒኮድ የካሌንደር ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ጃቫስክሪፕት ቀናችንን ያውቃል። እንዲህ ስታደርጉት ግን የሚቀየረው ቀኑ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ በፈረንጅ እንዳለ ይቀራል። በ2017 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የጊዜ ኦንቶሎጂም ከግሪጎሪያን ውጭ ያለ አቆጣጠር «የምቆጥረው በዚህ ነው» ብሎ እንዲናገር ቦታ ትቷል። ቦታው ክፍት ነው። የሚሞላው ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ያ ሰው ደግሞ ካሊፎርኒያ የተቀመጠ ኢንጂነር ሊሆን አይችልም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሰርቪሱን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ሰዓት ሁለት ጊዜ ይወጣል፦ አንዴ ለማሽን፣ ከነሰዓት ቀጠናው በዓለም አቀፍ መልክ፤ አንዴ ለሰው፣ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ። ከሁለቱ ጋር የቃላት መዝገብ አለ። «ሰዓት፦ ከንጋቱ 12 ጀምሮ ይቆጠራል።» «የአባት ስም፦ የአባት የራሱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ባልና ሚስት በዚህ አይገናኙም።» «ቀጠሮ፦ ሐኪሙ በዚያ ቀን ከተማ መግባቱ ካልተረጋገጠ አልጸናም።»

ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን የፈጀብኝ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ስጠይቅ ነው። «ሰዓቱን ስትጽፊ ጠዋት ወይም ማታ ለምን አትዪም?» ስላት ልጅቷ የምቀልድ መሰላት። «ሐኪሙ ማታ አይመጣ!» አለችኝ። የሌሊቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የኛ ሰው «ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲል ማንም አይደናገርም፤ ቋንቋው ራሱ ሁለቱን ቀን ይዞ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ቀይሮ ማክሰኞ ገብቷል። በጣም የምናውቀውን ነገር አንጽፈውም፤ ማሽን የሚጎድለውም በትክክል እሱ ነው።

ኦውል-ኤስን ልመልስ አላልኩም። የእኔ መዝገብ ሁለት ገጽ ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል፤ ሰውም ኤጀንትም ያነበዋል። እናንተም ነገ አንድ ሰርቪስ ስትጽፉ፣ ቁጥሩ ከምን ተነስቶ እንደሚቆጠር አንድ መስመር ጨምሩበት። የምለው ይህንኑ ነው።

አክስቴ አሁን የሚደርሳት መልእክት «ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል። አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም። እሷ ግን ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ከዋዜማው ትደውልልኛለች።

«የጠዋቱ 3 ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ፣ የጠዋቱ ነው።»

«እሺ ልጄ። አንተ ካልክ።»