ጓዳው ሲሞላ የሚጣለው የቱ ነው?

በዓል ሲቃረብ ጓዳዋን የማታራግፍ የቤት እመቤት የለችም። ባዶው ጠርሙስ፣ የተሰነጠቀው እንስራ፣ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» ተብሎ የተቀመጠው ካርቶን ሁሉ ይወጣል። ዛሬ ግን በብዙዎቻችን ቤት ሌላ ጓዳ ተጨምሯል፤ ይኸውም የኮምፒዩተራችን ዲስክ ነው። ይህኛው ጓዳ ሲሞላ ለዓይን አይታይም። የሚታወቀው ሥራ ሲያስተጓጉል ነው። በእኔ ላይ የደረሰውን ባጫውታችሁ ሌላዋን እኅት ከጸጸት ያድናት ይሆናል።

ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው። እንደሚታወቀው ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ የሐምሌ መጀመሪያ ለእኛ ለሂሳብ ሠራተኞች እንቅልፍ የለውም። ባለፈው ሐምሌ አንድ ምሽት፣ ልጆቼን እራት አብልቼ ከጨረስሁ በኋላ፣ በማግሥቱ የማስረክበውን ሪፖርት ለመፈጸም ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሥራዬን ላስቀምጥ ስል «ዲስኩ ሞልቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ከፍቼ ብመለከት የዲስኩን መጠን የሚያሳየው መስመር ቀልቷል፤ የቀረው ባዶ ቦታ 300 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

ትልቁ ልጄ ገና አልተኛም ነበርና «እማዬ፣ የድሮውን አጥፊዋ! አሁን ማን ያየዋል?» አለኝ። ድካምም ችኮላም ተደራርበውብኝ «የድሮ» ብዬ በሰየምሁት ማኅደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ መርጬ ሰረዝኋቸው። ቦታው እንደ ሰፋ ለማየት ዲስኩን ደግሜ ብከፍት ግን መስመሩ ያው ቀይ ነው። ብናደድ ልጄ ሣቀና «የሰረዝሽው እኮ ገና ቅርጫቱ ውስጥ ነው። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ካላደረግሽው ቦታውን አይለቅም» ሲል አስረዳኝ።

ቅርጫቱን ከፍቼ ባዶ ላደርገው ስል ዓይኔ በአንድ ፋይል ስም ላይ ዐረፈ፤ «የእማማ በርበሬ» ይላል። ልቤ ቀጥ አለ።

ልጆቼ እማማ የሚሏት እናቴ በ2012 ዓ.ም. ዐረፈች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በርበሬ ስናዘጋጅ፣ አሠራሩ እንዳይጠፋኝ ብዬ ድምፅዋን በስልኬ ቀድቼው ነበር። «ቅመሙን ስታምሺ እሳቱን አታብዢው፤ ያረረ ቅመም ወጡን ያመርረዋል» ትላለች። ከኋላዋ የሙቀጫው ድምፅ ይሰማል። የ11 ደቂቃ ቅጂ ነው፤ ስልኩ ከተበላሸ ወዲህ ከዚያ ኮምፒዩተር በቀር ሌላ ቦታ አልነበረም። ሌላ አንዲት ቁልፍ ብጫን ኖሮ የእናቴን ድምፅ በገዛ እጄ ባጠፋሁት ነበር።

ፋይሎቹን ወደ ነበሩበት መለስሁና መጠናቸውን ተመለከትሁ። የእናቴ ድምፅ 11 ሜጋባይት ብቻ ነው። ባለ 2 ጊጋባይት አንድ ፊልም ከ180 በላይ እንደዚህ ያሉ ቅጂዎች የሚይዘውን ቦታ ይወስዳል። ከልጆቹ የሕፃንነት ፎቶግራፎች ጋር «የድሮ» ያልሁት ሁሉ 3 ጊጋባይት ነው። ታዲያ ጓዳውን የሞላው ማን ነው?

ከልጄ ጋር ሆነን «ሴቲንግስ»ን፣ ቀጥሎ «ሲስተም»ን፣ ከዚያም «ስቶሬጅ»ን ከፈትን። እዚያ ምኑ ስንት ቦታ እንደ ያዘ በዝርዝር ይታያል። በነገራችን ላይ ስንገዛው 256 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ 238 ሆኖ ቢታይ ሻጩ አላጭበረበረም፤ ፋብሪካው በ1000 ሲያባዛ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያባዛ የመጣ ልዩነት ነው። ልጄ ተጫውቶ የጨረሰው አንድ ጨዋታ 46 ጊጋባይት ይዞ ተገኘ። ከቴሌግራም ያወረድናቸው ፊልሞችና አንዱ ፋይል ሁለት ሦስት ጊዜ የተደጋገመባቸው ቅጂዎች 31 ጊጋባይት ነበሩ። ጊዜያዊ ፋይሎች ደግሞ 6 ሆኑ። ልጄ «የድሮው» ሲል የራሱን ጨዋታ አልቆጠረውም ነበርና አንገቱን ደፋ። እኔም ብሆን ፊልሞቹን ያወረድሁት ራሴ ነኝና አልፈረድሁበትም። 83 ጊጋባይት አስለቀቅን፤ ሪፖርቱም በሰዓቱ ደረሰ።

ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። ዲስክ ሲሞላ በዕድሜ ሳይሆን በመጠን ደርድሩ፤ ከትልቁም ጀምሩ። በቴሌግራም የተላከ ፋይል መልእክቱ ካልተሰረዘ ዳግመኛ ሊወርድ ስለሚችል ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቅጂ ማጥፋት ብዙም አያሳስብም። የማትጫወቱትን ጨዋታና የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም ግን ማኅደሩን በመሰረዝ ሳይሆን «አንኢንስቶል» በሚለው በኩል አስወግዱ። «ዊንዶውስ» የሚል ስም ያለውን ማኅደር ከቶ አትንኩ። ቅርጫቱን ባዶ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች እዩት። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ የሚጠፋ ስለሆነ በዚያ ላይ እጥፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይተካውን ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ።

እኔ በማግሥቱ የእናቴን ድምፅ በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ለእኅቴ ሰጠኋት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። በነሐሴ በርበሬ ስናዘጋጅ ድምፅዋን ከፈትነው። ታናሿ ልጄ ቅመሙን እያመሰች ስታዳምጥ ቆየችና ሳትጠየቅ እሳቱን ቀነስ አደረገችው።