ጨው የሌለው ቂጣ



ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ መልእክት ላከችልኝ። «ቲቸር፣ እኔም አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ሦስተኛ ክፍል ነው የያዝኩት። ያን የቂጣና የሸክላውን ትምህርት እንዴት ነበር ያስተማሩን? ይጻፉልኝ» ትላለች። በውስጥ መስመር ልመልስላት ጀመርኩና ረዘመብኝ። እሷን አስፈቅጄ እዚህ አመጣሁት፤ ስሟን ግን አልጽፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን የማስተምረው ሃይስኩል ቢሆንም፣ ዲፕሎማዬን ይዤ መጀመሪያ የገባሁት ትንንሾቹ ጋ ነበር። አካባቢ ሳይንስ። ክፍሌ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ገበያ ላይ ጀበናና ምጣድ ደርድረው የሚቀመጡ። ልጆቹ ከእሷ ጋር ዴስክ አይጋሩም። ዕረፍት ላይ ቆሎ ስታወጣ የሚዘግንላት የለም። ለምን ስላቸው ሁሉም ዝም። አንዱ ብቻ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ ቡዳ ናቸው እኮ» አለኝ በሹክሹክታ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው! ከየት አመጣው? ከቤት ነዋ።

ተቆጣሁ፣ መከርኩ። «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገለበጥኳቸው። በሚያምር ጽሕፈት ገለበጡ። በማግስቱም ያው ነበሩ።

ያኔ ጎንደር ትዝ አለኝ። ኮሌጅ እያለሁ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ወለቃን አይቻት ነበር። በሸክላቸው የታወቁ ቤተ እስራኤሎች የኖሩባት መንደር ናት። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስዷል። እነሱም አገራቸው ላይ ብረት ስለቀጠቀጡና ሸክላ ስለሠሩ «ቡዳ» እየተባሉ ነው የኖሩት። ጎንደር ከተማ ውስጥ ደግሞ ለመሄድ ተራ የሚጠባበቁ ቤተሰቦች ነበሩ። አንድ ቀን ልጆቻቸው የሚማሩበት ግቢ ገባሁ። ትምህርቱ ስለ ሐኑካ በዓል ነው። ደብተር የለ፣ እርሳስ የለ። ልጆቹ ጭቃ ይዘው የመብራት ማስቀመጫ ይሠራሉ፤ ስምንት ጉድጓድ ለስምንቱ ሌሊት፣ አንድ ደግሞ ሌሎቹን ለሚለኩሰው። የሚገርመው ሐኑካን አያቶቻቸው አያውቁትም ነበር፤ ወደ ቤተ እስራኤል የደረሰው በኋላ ነው። ከቤት ያልሰሙትን ነገር በእጃቸው ነበር የሚያውቁት።

እኔም አሰብኩ። ከቤት የሰሙትንስ በእጃቸው ማስረሳት ይቻል ይሆን?

ለክፍሌ የመረጥኩት የቤተ እስራኤልን ፋሲካ ነው። እስራኤላውያን ከግብፅ የወጡበት መታሰቢያ ነው። ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ጊዜ ስላልነበራቸው ሰባት ቀን እርሾ የነካው ነገር አይበላም፤ ቂጣ ብቻ። ቤተ እስራኤሎች ለበዓሉ አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው በአዲስ ይተኩ ነበር። ሸክላ እርሾውን ውስጡ ስለሚያስቀር ታጥቦ አይጠራም።

የመጀመሪያው ቀን በሁለት ሳህን ዱቄት በውሃ አስለወስኳቸው። አንዱ ላይ እርሾ ጨመርን፣ ሌላው ላይ ምንም። በማግስቱ አንዱ ኩፍ ብሎ አረፋ ይዟል፣ ሌላው ዝም። እርሾ ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በሁለተኛው ቀን ሩጫ ነው። በሌላው ዓለም ባሉ አይሁዶች ሕግ ውሃና ዱቄት ከተገናኙ በ18 ደቂቃ ውስጥ ቂጣው ተጋግሮ ማለቅ አለበት። ግን አዲስ ምጣድ ያስፈልጋል። ወደ ማን ልላክ? ወደ ልጅቷ እናት ላክሁ። አዲስ ምጣድ አሟሽተው ይዘው መጡ፤ የሸክላ አፈርም ጨምረው። መጀመሪያ ልጆቹ ጭቃውን ሞከሩት። የሁሉም ተሰነጠቀ። ያቺ ልጅ ብቻ ናት ጠርዙን በእርጥብ ጣቷ እያለሰለሰች ትንሽ ጀበና ያወጣች። «እንዴት ነው? አሳዪን!» ብለው ከበቧት። ስሟን ሲጠሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። አቦኩ፣ ዳመጡ፣ በእሾህ ወጋጉ፣ ጋገርን። የታደለው በእሷ እጅ ነው። ሁሉም በሉ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሦስቱ ኪሳቸው ከተቱት። ያ ሹክ ያለኝ ልጅ ግን ቂጣውን ዓየ፣ እሷን ዓየ፣ ጎረሰ። ከዚያ «ጨው የለውም» አለ። በቃ፣ ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

በማግስቱ አንድ አባት መጡ። «መምህር፣ ልጆቻችንን የአይሁድ ሃይማኖት ታስተምራለህ አሉ» አሉኝ። «የለም ጋሼ፤ ጸሎት አላስጸለይኩም። ሰው በዓሉን እንዴት እንደሚያከብር ነው ያሳየኋቸው። እኛስ ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የምንበላው ያንኑ ከግብፅ በጥድፊያ መውጣት ለማሰብ አይደል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሱስ እውነት ነው» ብለው ሄዱ። ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት መስበኪያ አይደለም፤ ለወላጅ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። አንቺም አስቀድመሽ ንገሪ።

አንድ ቂጣ ስንት ዘመን የኖረ ነገር ይነቅላል ብዬ አልፎክርም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እሷ አጠገብ ያልተቀመጡ ነበሩ። ግን አንዲት የዴስክ ጓደኛ አገኘች። ከዜሮ አንድ ብዙ ነው።

መልእክቷን የላከችልኝ ያቺው ልጅ ናት። የመጨረሻው መስመሯ እንዲህ ይላል፦ «እኔም ክፍል ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ አለ።»

ከቢቸና እስከ ሞጣ የምታስተምሩ ተማሪዎቼ፣ እናንተም ክፍል ይኖራል፤ እስቲ ዞር ብላችሁ እዩ።

አንቺ ደግሞ እናትሽን ሰላም በይልኝ። አዲስ ምጣድ ያውሱሽ። ሰዓት መያዝም እንዳትረሺ፣ 18 ደቂቃ ነው።