አንበሳም ይሰደዳል

ከአገሩ የወጣ ሰው ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ እንደሚሆን ሲነገር እየሰማን አድገናል። ስለ ተሰደደ አንበሳ ግን በተረት እንኳ አልሰማንም። ያየነው በፊልም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ እዚህ ሞያሌ በኬንያው ወገን ባለች አንዲት ቪዲዮ ቤት ከልጆቻችን ጋር ተጠጋግተን «ዘ ላየን ኪንግ» የተባለውን የካርቱን ፊልም ተመለከትን። የአሜሪካው ዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ፊልሙን ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ነው። ሠሪዎቹ አስቀድመው ወደ ኬንያ መጥተው ምድሩንና አራዊቱን አጥንተዋል። ከስሞቹም ብዙዎቹ የስዋሂሊ ናቸው። ልጆቹ ቋንቋውን ከእኛ ቀድመው ስለ ለመዱ፣ «ጋሼ፣ ሲምባ ማለት እኮ አንበሳ ነው፤ ራፊኪ ደግሞ ጓደኛ» እያሉ አስተማሩን።

ይህን ፊልም እኛም በልጅነታችን አይተነዋል። ያን ጊዜ የሳቅንበት ዛሬ አላሳቀንም። ክፉው አጎት ንጉሡን ወንድሙን ገድሎ ጥፋቱን በደቦሉ ላይ ያላክካል፤ ደቦሉም አምኖ ይሰደዳል። በሰው አገር ትል እየበላ፣ «ሀኩና ማታታ»፣ ማለትም ችግር የለም፣ እያለ ያድጋል። ልጆቹ አንበሳ ትል ሲበላ አይተው በሳቅ ፍርስ አሉ። ከኋላ የተቀመጥን ትልልቆች ግን ዝም አልን።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ሐምሌት» ያነበበ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ የተገደለ ንጉሥ፣ ዙፋን የነጠቀ አጎት፣ የሚያመነታ ልጅ። ፊልሙ እስከ ዛሬ ያላረጀው ግን በዚህ ብቻ አይመስለንም። ልጅ አራዊቱን ያያል፤ ትልቅ ሰው ራሱን ያያል።

እውነቱን እንናገር። እኛ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስንወጣ፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትተን ነው። ስማቸውን አንድ በአንድ የምናውቃቸውን ሠልጣኞች አልተሰናበትናቸውም። እዚህም ሥራችንን የሚጠይቀን ሲገኝ «ድሮ አስተማሪ ነበርን» እያልን ኖረናል። የእኛ ሀኩና ማታታ ይኸው ነው።

ሲምባን ግን ዝንጀሮው ራፊኪ ፈልጎ አገኘው፤ በዱላውም አናቱን አለው። ያለፈው ቢያምም ሊማሩበት ይቻላል ለማለት ነው።

እኛንም ያገኘን አልጠፋም። ከቪዲዮ ቤቱ ስንወጣ አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሲምባ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብሎ ለምን አልተናገረም?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አጣን። ይህን የመሰለ ጥያቄ በጥሩ አማርኛ የጠየቀችን ልጅ የገዛ ስሟን በፊደል መጻፍ አትችልም።

ስለዚህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ በግራሩ ጥላ ሥር ፊደል እናስቆጥራለን። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ላኩልን። ሰሌዳ የለንም፤ ካርቶንና ከሰል ያለው ይዞ ይምጣ። ሲምባ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ የእኛ ቀን መቼ እንደሆነ አናውቅም። «ድሮ ነበርን» ማለቱን ግን ትተናል።

ቸር ይግጠመን።