ደምሬ ደምሬ አልመጣልኝም

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ «ኤረር ሲመጣ አትደንግጡ፣ የመጨረሻውን መስመር አንብቡ» እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ታስታውሳላችሁ አይደል? ዛሬ እኔው ራሴ ስለደበቅኩት ኤረር ልንገራችሁ።

የክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ የ62 ተማሪ ሮስተር እጄ ላይ ነው። ድምር፣ አማካይና ደረጃ የምታወጣልኝ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ በኮማንድ ላይን ብቻ የምትሠራ። ካርድ ሊሰጥ አንድ ሌሊት ሲቀረው መሃል ላይ ቀጥ አለች። ቁጥር ያልሆነ ነገር አግኝታለች። ደክሞኛል፣ መብራት ይሄድብኛል ብዬም ሰግቻለሁ። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? «ትራይ»፣ «ኤክሴፕት»፣ «ፓስ» ብዬ ስህተት ሲያጋጥማት ዝም ብላ እንድታልፍ አደረግኳት። እስከ መጨረሻው ሄደች። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ልጅ የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቀችኝ። ሁሌ ከ1 እስከ 3 የምትወጣ ናት፤ ያን ጊዜ ግን 17ኛ። «ቲቸር፣ ደምሬ ደምሬ አልመጣልኝም» አለችኝ። ካርዱን ለአባቷ አላሳየችም፤ ደብተሯ ውስጥ አጥፋ ደብቃዋለች።

አብረን ደመርን። 80 ይጎድላል። ለካ ኬሚስትሪ ላይ የተጻፈው 8 ቁጥርና የእንግሊዝኛው «ኦ» ፊደል ነው! ካርዱ ላይ ለዓይን 80 ይመስላል፤ ፕሮግራሟ ግን ሳትደምረው አልፋለች። ትምህርቱ 10 ስለሆነ አማካይዋ በ8 ወረደ። ትክክለኛ ደረጃዋ 3ኛ ነበር። እሷን ወደ ቦታዋ ስመልስ ሌሎች 14 ልጆች አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ፤ ለእያንዳንዳቸው ማስረዳት ነበረብኝ። አባቷንም ይቅርታ ጠየቅኩ።

አሁን ፕሮግራሟ ስህተት ካገኘች ትቆማለች፤ ካርድም አታወጣም። ለተጠቃሚው «23ኛ መስመር፣ ኬሚስትሪ፣ ቁጥር አይደለም» ብላ ባጭሩ ትናገራለች። ሙሉውን ትሬስባክ ደግሞ ከቀንና ሰዓት ጋር ፋይል ላይ ታስቀምጣለች፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙን በድርብ ክሊክ ከከፈታችሁት ጥቁሩ መስኮት መልእክቱን ሳታነቡት ይዘጋል። ለዚህ ሥራ «ሎጊንግ» የሚባል ሞጁል ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። አዲሱ መዝገብ በአሮጌው ላይ ይቀጥል እንጂ አያጥፋው። የተማሪ ስም አትጻፉበት፤ እርዳታ ስትፈልጉ ፋይሉን ለሌላ ሰው ትልኩታላችሁና። መብራት ድንገት ከጠፋ ደግሞ ፕሮግራም «ወደቅኩ» ብሎ የሚጽፍበት ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ የእኔዋ እያንዳንዱን ተማሪ ስትጀምር አንድ መስመር ትጽፋለች። የት እንደደረሰች ከዚያ አውቃለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ያን ሌሊት ፕሮግራሟ በሽታዋን ነግራኝ ነበር፤ አፏን የያዝኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ በእጇ ባትደምር ኖሮ እስከ ዛሬም አላውቅም ነበር።

እናንተስ፣ «ዝም ብሎ ይለፍ» ብላችሁ ያለፋችሁት ኤረር የለም? እስቲ ኮሜንት ላይ አውጡት።